አልሙኒየሙ መቁረጫው ላይ ለምን ይጣበቃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጠረጴዛ ሲኤንሲ ማሽኖች፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሚቆርጡት ትንንሽ ማሽኖች ማለቴ ነው፣ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አልሙኒየም ናቸው። እንጨቱም አክሪሊኩም በሰላም ይቆረጣል፣ አልሙኒየም ላይ ሲደረስ ግን ማሽኑ ይጮኻል፣ መቁረጫው ይሰበራል፣ ብረቱ ይጣበቃል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ረጃጅም ደብዳቤዎችን አሳጥሬያለሁ፣ የሚመሳሰሉትን ደግሞ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የምማር የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን 3018 የሚባለውን ትንሽ ማሽን ገዛን። ለሮቦታችን መያዣ የሚሆን 4 ሚሜ አልሙኒየም መቁረጥ ፈልገን ነበር። መቁረጫችን 3 ሚሜ፣ ባለ አራት ጥርስ፣ ካርባይድ ከሚባለው ከብረት የሚጠነክር ነገር የተሠራ ነው። ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ፣ ፊዱን (መቁረጫው ብረቱ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት) በደቂቃ 200 ሚሜ፣ ጥልቀቱን 0.5 ሚሜ አደረግነው። ማሽኑ ሲጮህብን ፈርተን ፊዱን ወደ 100 አወረድን። ጭራሽ ባሰበት። አልሙኒየሙ ቀልጦ መቁረጫው ላይ ተጠመጠመና ሰበረው። ሁለተኛውም እንደዚሁ ሆነ። ከዚህም በታች ቀስ እንበል ወይ?
*ከአምስት ኪሎ*

መልስ፦ የለም፣ የሰበረው እኮ ቀስ ማለታችሁ ነው። ይሄ ጥያቄ በየደብዳቤው ስላለ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ማሽኑ በደቂቃ 100 ሚሜ ይሄዳል። በዚያችው ደቂቃ መቁረጫው 10,000 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ ዙር የሚሄደው 0.01 ሚሜ ነው። ይህቺኑ ደግሞ አራት ጥርሶች ይካፈሏታል፣ ለአንዱ ጥርስ የሚደርሰው 0.0025 ሚሜ ብቻ ነው ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሜ ገደማ ነው፣ እናንተ ጥርሱን ንከስ ያላችሁት ከፀጉር ወደ ሠላሳ እጥፍ የሚቀጥን ነገር ነው። አዲስ የካርባይድ ስለት እንኳ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ጫፉ ትንሽ ክብ ነው፣ ፍጹም ሹል አይደለም። ንክሻው ከዚያ ክብነት ሲያንስ ስለቱ ብረቱ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፣ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይፈትገዋል። ድንች ስትልጡ ቢላውን በጣም ካስተኛችሁት ቆዳው ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል እንጂ አይልጥም፣ እንደዚያ ማለት ነው።

መፈተግ ደግሞ ሙቀት ነው። ቆረጣው ደህና ሲሆን አብዛኛው ሙቀት ከፍቅፋቂው ጋር ተፈናጥሮ ይወጣል። ፍቅፋቂ ከሌለ ሙቀቱ የት ይሄዳል? እዚያው ብረቱና መቁረጫው ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ አልሙኒየም ለመቅለጥ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ ለመጣበቅ ግን እዚያ መድረስ የለበትም። ሞቆ ከለሰለሰና ስለቱ ከተጫነው ይለጠፋል። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ የሚቆርጠው ካርባይዱ መሆኑ ይቀርና የተለጠፈው አልሙኒየም ራሱ ነው የሚፈጨው፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ቦይ ይደፈናል፣ አዲሱ ፍቅፋቂ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን እናንተው አይታችኋል።

የምትይዙት ቀመር አንድ ነው፦ ፊድ ማለት ዙር ሲባዛ በጥርስ ብዛት ሲባዛ በአንድ ጥርስ ንክሻ። ለ3 ሚሜ መቁረጫ፣ እንደ እናንተ ዓይነት ቀላል ማሽን ላይ፣ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሜ ንክሻ ጥሩ መነሻ ነው። አሁን ይህንን ከባለ አራት ጥርሱ ጋር አስሉት። 10,000 ዙር ላይ ፊዱ ከ800 እስከ 1,200 ሚሜ በደቂቃ ሊሆን ነው። ያንን 3018 አልሙኒየም ውስጥ አይችለውም፣ ወይ ሞተሩ ይቆማል ወይ ማሽኑ እርምጃ እየዘለለ ቅርጹን ያበላሻል። ስለዚህ ችግራችሁ የጥርስ ብዛት ነው። ባለ አራት ጥርሱን ለአረብ ብረት (ስቲል) ሥራ አስቀምጡትና ባለ አንድ ጥርስ ግዙ። በአንድ ጥርስ፣ በ0.025 ንክሻ፣ በ10,000 ዙር ፊዱ 250 ይመጣል፣ ይሄ ማሽናችሁ ሳይጨነቅ የሚሄደው ፍጥነት ነው። ባለ አንድ ጥርስ መቁረጫ ቦዩም ሰፊ ስለሆነ ፍቅፋቂው በቀላሉ ይወጣል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ርካሽ ኮሌት (መቁረጫውን ስፒንድሉ ላይ የሚይዘው ዕቃ) መቁረጫውን ትንሽ ከመሃል ያወጣዋል፣ የመቶኛ ሚሊሜትሮች ጉዳይ ነው፣ ግን ንክሻችሁም ያው የመቶኛ ሚሊሜትሮች ነው። ያኔ ባለ ብዙ ጥርስ መቁረጫ ላይ አንዱ ጥርስ ሁሉንም ሲሸከም ሌላው አየር ይቆርጣል። አንድ ጥርስ ብቻ ካለ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም።

ስትገዙ ቀለሙን እዩ። ጥቁር ወይም ሐምራዊ የሚያስመስል ሽፋን ያለው ብዙ ጊዜ ታይታኒየም አልሙኒየም ናይትራይድ ነው፣ ለአረብ ብረት የተሠራ ነው። ሽፋኑ ራሱ አልሙኒየም ስላለበት አልሙኒየም ይለጠፍበታል። ሽፋን የሌለውና ቦዩ እንደ መስታወት የሚያበራው ይሻላችኋል።

ጥልቀታችሁም በዝቷል። 0.5 ሚሜ በሙሉ ስፋት መቁረጥ ለ3018 ከባድ ነው። ከ0.1 ጀምሩና ደህና ከሄደ ወደ 0.15፣ ከዚያም ወደ 0.2 ውጡ። አዎ፣ 4 ሚሜውን በ0.15 ለመጨረስ ወደ 27 ጊዜ መመላለስ ነው፣ ይረዝማል፣ ግን ያልቃል። ወደ ብረቱ ስትገቡም ቀጥ ብላችሁ አትውረዱ፣ በተዳፋት ወይም እየተጠማዘዛችሁ ግቡ፣ አብዛኞቹ ካም ሶፍትዌሮች (የመቁረጫውን መንገድ የሚያወጡት ፕሮግራሞች) ይህ ምርጫ አላቸው። የምትቆርጡት መስመር ስፋት ልክ የመቁረጫው ስፋት ከሆነ ፍቅፋቂው ይታፈናል። የሚቻል ከሆነ 4 ሚሜ ያህል አስፉት።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ ማሽኑ ሲጮህ እጃችሁ ወደ ፊድ አይሂድ። ጥልቀቱን ቀንሱ። ጥልቀት ሲቀነስ ጭነቱ ይቀላል፣ ንክሻው ግን አይነካም። ፊድ ሲቀነስ የሚጎዳው ንክሻው ነው።

ልካችሁን ለማግኘት ቁራጭ ብረት ላይ ሞክሩ። ማሽኑን የሚመራው ግራብል የሚባለው ፕሮግራም ከ1.1 ዕትሙ ወዲህ ማሽኑ እየሄደ ፊዱን ከ10 በመቶ እስከ 200 በመቶ መቀየር ያስችላል። በደቂቃ ከ200 ሚሜ ጀምሩና አሥር አሥር በመቶ እየጨመራችሁ ፍቅፋቂውን እዩ። እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ አሁንም እየፈተገ ነው፣ ጨምሩ። የሚያብረቀርቅ፣ አጠር ያለ፣ በጣት ሲያዝ ቅርጽ ያለው ፍርፋሪ ከሆነ እዚያው ቁሙ። የደበዘዘና እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ ማሽኑን አቁሙ፣ መቁረጫውን አጽዱ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፍ። መቁረጫው ከኮሌቱ የሚወጣበትን ርዝመት በተቻለ መጠን አሳጥሩት፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። ሌላው፣ አልሙኒየም የተለጠፈበትን ካርባይድ አትጣሉት። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ በውኃ ተበጥብጦ ቢነከርበት አልሙኒየሙን በልቶ ካርባይዱን ይተወዋል። ደጅ ላይ አድርጉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ ይቀጣጠላል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ የአልሙኒየም ድስት ውስጥ ከሆነ ድስቱንም ይበላዋል።

ጥያቄ፦ በቶርኖና በፍሬዛ (በትልልቆቹ የብረት መቁረጫ ማሽኖች) ላይ ረጅም ዘመን የሠራሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ በገዛችው ትንሽ ማሽን 18,000 ዙር ላይ አልሙኒየም ስትቆርጥ አይቼ ደነገጥኩ። እኛ በፍሬዛ 1,500 ዙር እንኳ በዛ እንል ነበር። ይህ ሁሉ ዙር ብረቱን አያቃጥለውም?
*ከሶማሌ ተራ አካባቢ*

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱንም እርስዎ ያውቁታል፣ ቁጥሩ ነው ያስደነገጠዎት። ስለቱ የሚያውቀው ዙርን አይደለም፣ ብረቱ ላይ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ነው። የርስዎ ፍሬዛ 50 ሚሜ መቁረጫ ይዞ 1,500 ዙር ሲዞር ስለቱ በደቂቃ 236 ሜትር ይሮጣል። የልጅ ልጅዎ 3 ሚሜ መቁረጫ 18,000 ዙር ላይ የሚሮጠው 170 ሜትር ነው። እሷ ከርስዎ በዝግታ ነው የምትቆርጠው ማለት ነው። ካርባይድ አልሙኒየም ላይ ከዚህ ብዙ በላይ ይችላል።

ትንንሾቹ ማሽኖች ዙር የሚወዱበት ምክንያትም አለ። የርስዎ ፍሬዛ በመቶዎች ኪሎ የሚመዘን፣ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የወጣ ነው፣ ትልቅ ንክሻ ቢሰጡት አይነቃነቅም። የሷ ማሽን አንድ ሰው በሁለት እጁ አንስቶ የሚያዞረው ነው፣ ትንሽ ትንሽ መንከስ አለበት። ንክሻው ትንሽ ሆኖ ሥራው እንዲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንከስ አለበት። በ1,500 ዙር በአንድ ጥርስ በ0.025 ሚሜ ንክሻ ብትሄድ ፊዱ በደቂቃ 37.5 ሚሜ ብቻ ነው፣ ቀኑ ይመሻል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ስጋትዎ ልክ ነው። መቁረጫው ካርባይድ ሳይሆን ኤችኤስኤስ የሚባለው የአረብ ብረት ዓይነት ከሆነ 170 ሜትር ይበዛበታል። ለሱ 100 ሜትርና ከዚያ በታች ያስፈልጋል፣ በ3 ሚሜ መቁረጫ ወደ 10,000 ዙር ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ይጠይቋት።

እባክዎ ደግሞ ሲሠራ አጠገቧ ይቀመጡ። ሞርሳው በደንብ መያዙን፣ ብረቱ ከሥሩ ክፍተት እንደሌለው፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥና ሲደላደል ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ እርስዎ ጋ አለ። እነዚህን ነገሮች ወጣቶቹ ከቪዲዮ ሊያገኙ ይሞክራሉ፣ ከአጠገብ ሆኖ "ይሄ ልቅ ነው፣ አጥብቂው" የሚል ሰው ግን ቪዲዮ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ። 6040 ማሽን ነው ያለኝ፣ ስፒንድሉ 1.5 ኪሎዋት በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ እስከ 24,000 ዙር። መቁረጫዬ 6 ሚሜ ባለ አንድ ጥርስ ነው። አልሙኒየሙን ከመርካቶ ቁርጥራጭ እየፈለግኩ ነው የምገዛው። አንዱ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፣ ሌላው በዚያው ሴቲንግ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ለ10 ሚሜ ጠፍጣፋ ምን ልጠቀም?
*ከተክለ ሃይማኖት*

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልሙኒየም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ግማሹ ችግርህ ከሴቲንጉ ሳይሆን ከግዢው ነው።

በከተማችን በብዛት የሚገኘው የበርና የመስኮት ፕሮፋይል ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ 6063 የሚባለው ነው፣ ይቆረጣል፣ ግን ለስለስ ይላል፣ አኖዳይዝ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሽፋን) ከተደረገበት ደግሞ ላዩ ጠንካራ ነው። የአኖዳይዝ ሽፋን አልሙኒየም ኦክሳይድ ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት (ሸካራው መፈተጊያ) የሚሠራበት ነገር ነው፣ ስለትን ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንክሻ ከሽፋኑ በታች እንዲገባ አድርገው እንጂ ላዩን አትፋቀው። ማስቲካ የሆነብህ ምናልባት ስስ ላሜራ ሆኖ የሚሸጠው 1050 ዓይነት ነው፣ 99.5 በመቶ ንጹሕ አልሙኒየም ነው፣ ንጹሕ መሆኑ ነው ችግሩ። እንደ ቅቤ የተቆረጠልህ 6061 ሊሆን ይችላል፣ ማግኒዥየምና ሲሊከን የገባበት፣ በሙቀት የጠነከረ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚመረጠው እሱ ነው። ከተሽከርካሪ ዕቃ የተገኘ ቁርጥራጭ፣ በተለይ ፒስተን፣ ሲሊከን በብዛት አለበት፣ ይቆረጣል ግን መቁረጫህን ቶሎ ያደነዝዘዋል።

ምናለሽ ተራ ስትሄድ ሻጩ "አንደኛ ነው" ይልሃል፣ አንተ ግን ሞረድ ይዘህ ሂድ። ጠርዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርደው። ብናኙ የሞረዱ ጥርስ ውስጥ ተለጥፎ የሚቀር ከሆነ ለስላሳው ነው። ንጹሕ ሆኖ እየደቀቀ የሚወድቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጭን ቁራጭ ካገኘህ እጠፈው፦ ለስላሳው እንደ ሽቦ ታጥፎ ይቀራል፣ 6061 የጠነከረው እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል፣ አጥብቀህ ካጠፍከው ይሰነጠቃል። ጥሩውን ስታገኝ ሰብሰብ አድርገህ ግዛ፣ ላዩ ላይ በማርከር ምልክት አድርግ፣ አለበለዚያ ነገ ከሌላው ጋር ይቀላቀልብሃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 18,000 ዙር ላይ ሂድ፣ 24,000ን ለቀጫጭን መቁረጫዎች ተወው። ንክሻውን 0.04 ሚሜ አድርግ፣ ፊዱ 720 ይሆናል። መስመር በሙሉ ስፋት ስትቆርጥ ጥልቀቱን ከ0.5 ጀምርና እስከ 0.8 ወይም 1 ሚሜ ድረስ ማሽንህ የሚሸከመውን ሞክር። ይህ ይሠራል። ግን 10 ሚሜ ጠፍጣፋ ላይ መቁረጫህ ሁልጊዜ በጫፉ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሠራ ጫፉ ቶሎ ያልቅና የቀረው ስለት አዲስ እንደሆነ ትጥለዋለህ።

ሌላው መንገድ እኔ የምወደው ነው። ካም ሶፍትዌሮች አዳፕቲቭ የሚሉት አካሄድ አለ፣ ፊውዥንም ፍሪካድም ላይ ይገኛል። በጥልቀት ይገባል፣ ወደ ጎን ግን የሚበላው ትንሽ ነው። 5 ሚሜ ጥልቀት፣ 0.6 ሚሜ ወደ ጎን አድርግ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወደ ጎን የምትበላው ከመቁረጫው ግማሽ በታች ሲሆን ትክክለኛው ፍቅፋቂ ካሰላኸው ይቀጥናል፣ ምክንያቱም ጥርሱ ብረቱን ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚነካው። ለ6 ሚሜ መቁረጫ በ0.6 ሚሜ ሲሆን ቅጥነቱ 1.67 እጥፍ ነው። ስለዚህ 0.03 ሚሜ እውነተኛ ንክሻ ከፈለግህ ስታሰላ 0.05 ብለህ ማስገባት አለብህ፣ ፊዱ 900 ይመጣል። ይህንን ሳያውቅ ፊዱን የሚቀንስ ሰው ተመልሶ ያው መፈተግ ውስጥ ይገባል፣ ያውም በረጅም ስለት።

ኃይሉ ያንስ ይሆን ብለህ አትስጋ። በዚህ ሴቲንግ በደቂቃ 2.7 ሴንቲሜትር ኩብ አልሙኒየም ነው የምታወጣው፣ ይህ በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ነው የሚፈልገው እንጂ ኪሎዋት አይደለም። የሚያንስህ የፍሬሙ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከተገኘ ትልቅ ስፒንድል ከመግዛትህ በፊት የዜድ ዘንጉን (ስፒንድሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስደውን) አጠንክር።

ስለ ስፒንድሉ ካነሳን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሞተሮችና ኢንቨርተሮች (የስፒንድሉን ዙር የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች) አቅማቸው የሚጻፈው በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ያንተ ስፒንድል በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ብዙም አይነካውም፣ ኢንቨርተሩ ግን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ሳጥን ውስጥ ዘግተህ አታስቀምጠው፣ የፍቅፋቂ ብናኝም እንዳይገባበት ከማሽኑ ራቅ አድርገው።

የመጨረሻውን ዙር ሁልጊዜ ለብቻ አድርገው። ዳር ዳሩን 0.2 ሚሜ አስቀርተህ በመጨረሻ በአንድ ሙሉ ጥልቀት፣ መቁረጫው ከወፍራም ወደ ቀጭን ፍቅፋቂ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክላይምብ በሚባለው ማለቴ ነው፣ አንድ ጊዜ እለፈው። ደንበኛ የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንድ ክፍል ነው የምሠራው። በ3018 የአልሙኒየም የስም ሰሌዳና የቁልፍ መያዣ እቀርጻለሁ። አንዱ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊ ይለኛል፣ ሌላው አልኮል፣ ሌላው ደብሊውዲ ፎርቲ። የትኛው ይሻላል? ቤቴ ውስጥ ስለሆነ እሳት እፈራለሁ።
*ከልደታ*

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የተባለው ሁሉ ይቀጣጠላል።

ሦስቱም ሥራውን ይሠራሉ። እዚህ ጋ የፈሳሹ ዋና ሥራ ማቀዝቀዝ ሳይሆን አልሙኒየሙ ስለቱ ላይ እንዳይለጠፍ ማድረግ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ጠብታ ይበቃል። ነጭ ጋዝ በቶርኖ ቤት ለአልሙኒየም የኖረ ነገር ነው። ግን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጠረኑ ልብስሽና አልጋሽ ድረስ ይገባል። አልኮል ንጹሕ ነው፣ ተኖ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የአልኮል ትነት በተራ የክፍል ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፣ የነጭ ጋዝ ትነት ግን ከ38 ዲግሪ ገደማ በላይ ይፈልጋል። ያንቺ ማሽን ላይ ያለው 775 ሞተር ደግሞ ባለ ካርቦን ብሩሽ ነው፣ ሲዞር ውስጡ ብልጭታ አለ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ጨለማ ውስጥ ይታያል። አልኮል በስፕሬይ እየነፋሽ ብልጭ ከሚል ሞተር ሥር ማስቀመጥ ማለት ነው። አታድርጊው።

የኔ ምርጫ ደብሊውዲ ፎርቲ ወይም ቀጭን የማሽን ዘይት ነው፣ ያውም በስፕሬይ ሳይሆን በትንሽ ብሩሽ ጫፍ የሚቀባ፣ መስመሩ ላይ ብቻ። የምግብ ዘይትም ይሠራል፣ ግን ካልጠረግሽው እየደረቀ ይጣበቅና ማሽኑን ያቆሽሻል። በቅርጽ ሥራ ጥልቀትሽ 0.1 ሚሜ አካባቢ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ባይኖርም ይሄዳል። ከፈሳሽ ይልቅ ፍቅፋቂውን ከመስመሩ የሚያስወግድ ንፋስ ይጠቅምሻል፣ ትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ከቀጭን ቱቦ ጋር ቢሆን እንኳ ይረዳል። የወጣው ፍቅፋቂ ተመልሶ ሲቆረጥ ነው ጫፉ የሚሰበረው።

ዙሩን ሁልጊዜ ሙሉ አድርጊው። ለቅርጽ የምትጠቀሚበት ሹል መቁረጫ ጫፉ 0.1 ሚሜ ቢሆን 10,000 ዙር ላይ እንኳ ጫፉ የሚሮጠው በደቂቃ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዙር ልታቃጥይው አትችይም። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ፊዱ ግን ከ100 እስከ 200 ቢሆን ይበቃል። ይሄ ለተማሪዎቹ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፣ አይጋጭም፤ ጫፉ ሲቀጥን ንክሻውም አብሮ ማነስ አለበት፣ አለበለዚያ ይሰበራል።

መነጽር አድርጊ። ልጆች ካሉሽ ደግሞ ወለሉን ከመጥረግሽ በፊት አታስገቢያቸው፣ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ እግር ውስጥ ሲገባ ለማየትም ለማውጣትም ያስቸግራል። ለጎረቤት ድምፅ ደግሞ ከማሽኑ ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አድርጊ። ወደ ታች የሚሄደው ንዝረቱ ነው።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋስ? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ብንገዛ ይፈታዋል?
*ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከአብነት የመጡ ጥያቄዎች*

መልስ፦ ዩፒኤሱን በምን ላይ እንደምትሰኩት ይወሰናል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩንና ኮንትሮለሩን (ዘንጎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰሌዳ) ብቻ ዩፒኤስ ላይ ያደርጋል፣ ስፒንድሉ ስለሚከብደው። መብራቱ ሲጠፋ ስፒንድሉ ይቆማል፣ ዘንጎቹ ግን ይሄዳሉ፣ የቆመ መቁረጫ ብረት ውስጥ ይነዳል። ወይ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚችል ይሁን፣ ወይ ሁሉም በአንድ ላይ ይቁም። ኤሌክትሮኒክስ የሚችል ሰው ካለ ስፒንድሉ ኃይል ሲያጣ ለኮንትሮለሩ የማቆሚያ ምልክት የሚሰጥ ሪሌይ ማሠራት ይቻላል፣ ያ ከሁሉ ይሻላል።

ዩፒኤስ የሌላችሁ፣ ሆሚንግ ስዊች (ማሽኑ መነሻ ቦታውን የሚያውቅበት) ግጠሙ። የሥራችሁን ዜሮ (ቆረጣው የሚለካበትን መነሻ ነጥብ) ጂ54 በሚባለው ትእዛዝ ላይ መዝግቡት፣ ግራብል ይህንን በማስታወሻው ይይዛል፣ በጂ92 ትእዛዝ የተመዘገበ ግን መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው ሆሚንግ አታድርጉ። መጀመሪያ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ስፒንድሉን በእጃችሁ ወደ ኋላ ሳይሆን በሚቆርጥበት አቅጣጫ ትንሽ እያዞራችሁ የዜድ ዘንጉን በእጅ ከፍ አድርጉና መቁረጫውን ከብረቱ አውጡት። ብረቱ ሞርሳው ላይ አለመነቃነቁን እዩ። ከዚያ ሆሚንግ፣ ከዚያ ወደ ጂ54 ዜሮ መመለስ። ሥራውን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከቆመበት ጥልቀት ትቀጥላላችሁ፣ ለዚህ እንዲመቻችሁ ቀዳዳውን፣ ኪሱንና ዳር ቆረጣውን በአንድ ፋይል አታድርጉ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አውጡት።